«ጥጃው ተፈታ!»፦ ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ የቃዡ የአንዲት እማሆይ ጉዳይ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ድንገት ከበሩ ጥግ ካለው አልጋ ጩኸት ተሰማ። «ጥጃው ተፈታ! ኧረ ላሟን ጠብቶ ጨረሳት!» ሮጬ ስደርስ እማሆይ እግራቸውን ከአልጋው ሊያወርዱ ይታገላሉ። በአንድ እጃቸው የሽንት ቱቦውን ይዘው ይጎትታሉ። ዳሌያቸው ላይ ብረት ከገባላቸው ገና ሁለት ቀን አልሞላም።

እኔ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የአጥንት ክፍል ነርስ ነኝ። ጉዳዩ የ2014 ዓ.ም. ነው። የእማሆይን ስም፣ ቀበሌያቸውንም ሆነ ሆስፒታሉን አልጠራም። የሆነውን ግን እንደሆነ እጽፈዋለሁ፣ የራሴን ጥፋት ጨምሮ። እንዲህ ያለ ሌሊት እንደሚመጣ ከስድስት ቀን በፊት መገመት ይቻል ነበር። መገመት የምታስችለን ሰውም አጠገባችን መደብ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አልጠየቅናትም።

ሐኪሞች ነገሩን ዴሊሪየም ይሉታል። በኛ አፍ መቃዠት ነው፣ መቀባዠር። በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከተፍ ይላል። ቀን ጋብ ይልና ማታ ይብሳል። ሰው የሚያስተውለው ጩኸቱን ነው። ዋናው ምልክት ግን ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ነው። ትጠይቀዋለህ፣ ግማሹን ሰምቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የመርሳት በሽታ በዓመታት እየተንፏቀቀ ይመጣል። ይሄ ግን ትናንት ያልነበረ ነው። ችግሩ ሁለቱ መዋደዳቸው ነው። መርሳት የጀመረው አእምሮ ለመቃዠት ቅርብ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልመለስ።

እማሆይ የወደቁት መጋቢት 5 ቀን፣ በአቦ ዕለት ነው። ቤታቸው ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ወጡ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። የደጀ ሰላሙን ደረጃ አላዩትም። ሰው ሲያነሳቸው ቀኝ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። እንዲህ ያለ እግር ያየ የአጥንት ባለሙያ ራጅ ሳይነሳም ዳሌ አካባቢ ስብራት እንዳለ ይጠረጥራል።

መጀመሪያ ወጌሻ ተጠራ። በቅቤ አሽቶ በቀርከሃ አሰረው። ወጌሻን ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። የአረጋዊ ዳሌ ስብራት ግን በእሽት የሚሆን አይደለም። በሦስተኛው ቀን አራት ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አደረሷቸው። ሐሙስ መጋቢት 8 እኛ ጋ ገቡ። ራጁ የጭን አጥንታቸው ላይኛው ጫፍ፣ ከዳሌው መገጣጠሚያ ዝቅ ብሎ መሰበሩን አሳየ።

ካርዳቸው ላይ ዕድሜ 70 ብለን ጻፍን። በግምት። እሳቸው ግን በኋላ ሲያጫውቱኝ «ጣሊያን ሲወጣ ጡት አልተውኩም ነበር» አሉኝ። ጣሊያን ከጎጃም የወጣው በ1933 ነው። እንግዲህ አስሉት፤ 83 ግድም ናቸው። 13 ዓመት በብዕር ቀነስንላቸው ማለት ነው። በዚህ ነገር ዕድሜ ተራ ቁጥር አይደለም። ከ70 በላይ አደጋው ይጨምራል፣ ከ80 በላይ ደግሞ የበለጠ።

ሌላ ምን ጻፍን? የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የደም መጠን። ማየት፣ መስማት፣ ማስታወስ የሚሉ ቦታዎች ቅጹ ላይ የሉም። የሌለ ቦታ ደግሞ አይሞላም።

ቀዶ ሕክምናው ለአምስት ቀን ዘገየ። መጀመሪያ ደም ጠፋ። ቀጥሎ የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ገቡና ተራው ተገፋ። እግራቸው በክብደት ተወጥሮ በጀርባቸው ተኝተው ሰነበቱ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። እማሆይ ቆብ የጫኑ ናቸው፤ እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም። በዚያ ላይ ሁለት ቀን «ለኦፕሬሽን ስለሆነ ከሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ» ተባሉ። ሁለቱንም ቀን ከሰዓት በኋላ ተሰረዘ። የሆስፒታሉ ጾም ከቤተ ክርስቲያኑ ጾም ጋር ተደራረበ። ምላሳቸው እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር። አይቼዋለሁ። ያኔ ግን ምንም አላለኝም።

ማክሰኞ መጋቢት 13 ጠዋት ብረቱ ገባ። ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ነው የተሠራው። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ነበር። በነገራችን ላይ ዘመድ ሁሉ ሲቃዡ ያየ ጊዜ «ማደንዘዣው ነው የነካቸው» ይላል። እኛም የወገብ መርፌ ከሆነ አይቃዡም እንል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሪጌይን የተባለ ትልቅ ጥናት ይህን ፈትሾታል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ዳሌያቸው የተሰበረ 1,600 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሹ በወገብ መርፌ፣ ግማሹ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ታከመ። በሁለቱም በኩል ከመቶ 20 ያህሉ ቃዡ። ልዩነት የለም። ስለዚህ መርፌውን መውቀስም ሆነ በመርፌው መተማመን ብዙ አያስኬድም።

ረቡዕ ቀን እማሆይ ጸጥ አሉ። ቀኑን ሙሉ ተኙ። ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው መልሰው ይከድናሉ። ሽሮው ቀረበ፤ አልነኩትም። ጸሎታቸውን እንኳ አላደረሱም። ልጃቸው «ዛሬስ ዐረፍ ብላለች» አለች። እኔም የነርስ መዝገቡ ላይ «ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ይህን መስመር ዛሬም ሳነበው ያመኛል። መቃዠት ሁልጊዜ አይጮህም። ዝም የሚል ዓይነት አለ። ሰውየው ይደበዝዛል፣ ይፈዝዛል፣ አይበላም። የማያስቸግር በሽተኛ ስለሆነ ማንም አያየውም። በአረጋውያን ላይ ይሄ ዝምተኛው ነው የሚበዛው። ሌሊት ጥጃው ሳይፈታ በፊት፣ እማሆይ ቀኑን ሙሉ እየቃዡ ነበር ማለት ነው።

ሌሊት የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ያዝናቸው። ተረኛው ሐኪም ዳያዜፓም የሚባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት አዘዘ። መርፌውን እኔ ወጋኋቸው። ቱቦውን እንዳይነቅሉ ሁለት እጃቸውን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርኩ። ክፍሉ ውስጥ ያሉ አስታማሚዎች ያማትባሉ። «ለክፏቸው ነው» አለ አንዱ። ሟች ባላቸውን እየጠሩ «ና ፍታኝ» ይሉ ነበር። ሲነጋ ብሶባቸዋል። ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው ያንኮራፋሉ። ቤተሰቡ አስወጥቶ ጠበል ሊወስዳቸው ተነሣ። የሁለት ቀን ቁስል ይዘው!

ጠዋት የውስጥ ደዌ ሐኪም ተጠራ። ካርዱን ሳይገልጥ በፊት ልጅቱን ወደ መስኮቱ ጠራት።

«እቤት ሳሉ እንዴት ነበሩ?»

«ደህና ናት። እርጅና ነው እንጂ።»

«እርጅናው ምን ያደርጋቸዋል?»

«አምና ማርያም እስማለሁ ብላ ወጥታ መንገዱ ጠፋት። ከሰው ማሳ ነው ያገኘናት። ወጥ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ታደርጋለች። ዘንድሮማ እሳት አጠገብ ብቻዋን አንተዋትም።»

«ጆሯቸውስ?»

«ግራውን አትሰማበትም።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ይሄን እኮ ስትገቡ ብትነግሪን ጥሩ ነበር» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ፣ ሲስተር?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህን ነገር አስቀድሞ መገመት የተለመደ ሥራ ነው፤ ጥንቆላ አይደለም። አሜሪካዊቷ የአረጋውያን ሐኪም ሻሮን ኢኖዬና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ቀላል ቆጠራ አወጡ። አራት ነገር ብቻ ነው የሚቆጠረው። የማየት ችግር አለ ወይ? ሕመሙ ከባድ ነው ወይ? ማስታወስና ማሰብ ከወዲሁ ተዳክሟል ወይ? በደም ምርመራ ዩሪያ ከክሬቲኒን አንጻር በዝቷል ወይ? የመጨረሻው ሰውነት ውሃ እንዳነሰው ይጠቁማል። ቆጠራውን በሌሎች ታካሚዎች ላይ ሲፈትሹት፣ ከአራቱ አንዱም ከሌለባቸው ከመቶ 3ቱ ቃዡ። ሦስት ወይም አራት ካለባቸው ግን 32ቱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ያንኑ ቆጠራ ለዳሌ ቀዶ ሕክምና በገቡ አረጋውያን ላይ ሞከሩት። በዝቅተኛው ምድብ ከመቶ 4 ያህሉ፣ በከፍተኛው 37 ያህሉ ቃዡ። ቀጠሮ ይዞ ከመጣው ይልቅ ተሰብሮ በድንገት የገባው በጣም ይብስ ነበር።

እማሆይን ቁጠሯቸው። የዓይን ሞራ፣ አንድ። የደረቀ ምላስ፣ ሁለት። ዩሪያቸውም ከፍ ብሎ ነበር፤ ወረቀቱ የመጣው አርብ ዕለት ነው፣ ማንም አላገናኘውም። መንገድ መጥፋቱና ሁለት ጊዜ ጨው፣ ሦስት። ስብራቱን ሳንጨምር ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ የደም ምርመራ፣ አንድ የሚያይ ዓይንና አምስት ደቂቃ ወሬ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና መለኪያው ራሱ ነው። ሐኪሙ ፎር-ኤ-ቲ የሚባለውን መጠይቅ ሰጠን። ከኤደንብራ የመጣ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ጥሩ መሣሪያ ነው። አራት ክፍል አለው። ንቁ ናቸው ወይ? ዕድሜያቸውን፣ የተወለዱበትን ቀን፣ ያሉበትን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን ያውቃሉ ወይ? ወራትን ከኋላ ወደ ፊት መቁጠር ይችላሉ ወይ? ድንገት የመጣ ለውጥ አለ ወይ? ድምሩ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መቃዠት ይጠረጠራል።

እስቲ ይህን ወስዳችሁ ፊደል ያልቆጠረ የጎጃም ገበሬ ጠይቁ። የተወለደበትን ቀን አያውቅም። ዓመተ ምሕረቱንም ላያውቅ ይችላል። ሁለት ስሕተት፣ ሁለት ነጥብ። ወራቱን ከጳጉሜን ወደ ኋላ ቁጠር ስትለው ይሥቅብሃል። «አልችልም» ካለ አንድ ነጥብ ይጨመራል። ምንም ያልሆነ ሰው 3 ነጥብ ይዞ ቁጭ ይላል። ሌላው ቀርቶ እኔ ራሴ ሌሊት ሥራ ላይ ወራቱን ወደ ኋላ ስቆጥር ሚያዝያ ላይ ተደነቃቅፌያለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዎቹን በኛ አገር ልብስ አለበስናቸው። «ዛሬ ማን ነው?» እንላለን። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ አረጋዊ ቁጥሩን ባያውቅ እንኳ ዕለቱ ሚካኤል ይሁን ኪዳነ ምሕረት አይጠፋውም። «ጾም ላይ ነን ወይስ ፍስክ?» እንላለን። ከወራት ይልቅ ዕለታትን ከእሑድ ወደ ኋላ እናስቆጥራለን። ሙስሊም አረጋዊ ሲሆን ስለ ጁምዓና ስለ ሶላት ሰዓት እንጠይቃለን። ይህ የክፍላችን ዘዴ እንጂ የተፈተሸ መለኪያ አይደለም፤ ነጥብም አንሰጥበትም። የምናየው መልሱ ትናንት ከሰጡት መለየቱን ነው። ከአራቱ ክፍሎች ምንም ልብስ መቀየር ያላስፈለገው የመጨረሻው ነው። ድንገተኛ ለውጥ አለ ወይ? እሱ ብቻውን 4 ነጥብ ይዟል። መልሱ ያለው ደግሞ አስታማሚው ጋ ነው።

ወንድ አረጋዊ ሲገባ አንድ ጥያቄ እንጨምራለን። አረቄ። ዕለት ዕለት የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እየተንቀጠቀጠና እያላበው ሊቃዥ ይችላል። እዚያ ላይ ዳያዜፓም መድኃኒት ነው። እንደ እማሆይ ላለ ሰው ግን እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው።

ወደ እማሆይ አልጋ ልመለስ። ሐኪሙ መጀመሪያ ፋሻውን አስፈታ። መታሰር ራሱ መቃዠትን ይቀሰቅሳል፣ የሽንት ቱቦም እንዲሁ። ቱቦው ወጣ። ዳያዜፓም ቆመ። ኦክሲጅን፣ ስኳር፣ ሙቀት፣ የሽንት ምርመራ ታየ። ሆዳቸው ከወደቁ ጀምሮ አልተፈታም ነበር፤ ለሱም ተሰጣቸው። ደማቸው ዝቅ ብሎ ስለነበር አንድ ከረጢት ደም አገኙ። ፈሳሹ ቀስ እያለ ተሰጠ።

ከዚያ ሕመሙ። እስከዚያ ድረስ ማስታገሻ «ሲያማቸው» ተብሎ ነበር የታዘዘው። እማሆይ ደግሞ «አመመኝ» አይሉም። «ተመስገን» ነው መልሳቸው። መድኃኒት አእምሮን ያደነዝዛል ብለን መቆጠባችን ደግ የሠራን ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዳሌያቸው በተሰበረ ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት ያሳየው ሌላ ነው። በቂ ማስታገሻ ያላገኙት ናቸው አብዝተው የቃዡት። ከማስታገሻዎቹ ፔቲዲን ግን ለአረጋዊ መጥፎ ነው፤ እሱ ራሱ ያቃዣል። ፓራሲታሞል በሰዓቱ ተደረገላቸው፣ ሳይጠይቁ። አልጋ ላይ ሲያገላብጧቸው ፊታቸው የሚኮማተር ከሆነ ትንሽ ሞርፊን።

ምግቡ ከሁሉ አስቸገረ። «አልገድፍም» አሉ፣ ነቃ ባሉበት ሰዓት። ሐኪሙ ቢለምናቸው፣ ልጃቸው ብታለቅስ ወይ ፍንክች። የንስሐ አባታቸው ተጠሩ። አርብ ደረሱ። ቄሱ ብዙ አልተናገሩም። «እማሆይ፣ ለታመመ ጾም የለበትም። እኔ ፈትቻለሁ፣ ይብሉ» አሉ። መስቀሉን አሳለሟቸው። አጥሚቱን በዚያው ሰዓት ጠጡ። ከዚያ ቀን በኋላ «ንስሐ አባት ይጠራ» የሚል ትእዛዝ ካርድ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ደስ ይለኛል። ጠበሉም በጀሪካን መጣ፣ ቤተሰቡም እሳቸውን ማስወጣቱን ተወው። ቄሱ ረጯቸው። ማንም አልተጎዳም።

የቀረው ትናንሽ ነገር ነው። አልጋቸው ከበሩ ራቀ። ሌሊት ለመድኃኒት ብለን መቀስቀስ አቆምን። በቀኝ ጆሯቸው በኩል ቆመን ስማችንን እየተናገርን ነው የምናዋራቸው። ጠያቂው በጅምላ መግባቱ ቀርቶ ሌሊት ልጃቸው ብቻ ታድራለች። ቀን ወንበር ላይ እናስቀምጣቸዋለን፤ መቁጠሪያቸው በእጃቸው ተመለሰ። ቦስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ዳሌያቸው በተሰበረ 126 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ከዚህ ብዙ አይለይም። የአረጋውያን ሐኪም ከመጀመሪያው ጀምሮ በየቀኑ እየጎበኘ ስለ ፈሳሽ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ቱቦ፣ ስለ መድኃኒት ምክር ይሰጥ ነበር። የሚቃዡት ከመቶ 50 ወደ 32 ወረዱ። ልብ በሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። እኛ የጀመርነው እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነው።

እማሆይ ሰኞ መጋቢት 19 ጠዋት «ዛሬ ገብርኤል አይደለም እንዴ?» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ልጃቸው እልል አለች፤ አስታማሚው ሁሉ ተከተላት። ማታ ማታ ግን እስከ መጋቢት 23 ድረስ ትንሽ ይደባለቅባቸው ነበር። በምርኩዝ ተደግፈው ወጡ።

አሁን አዲስ አረጋዊ ሲገባ ካርዱ ጀርባ ላይ በእጅ የተጻፉ ጥያቄዎች አሉን። አስታማሚውን ነው የምንጠይቀው። መንገድ ጠፍቷቸው ያውቃል? ወሬ ይደጋግማሉ? ያያሉ፣ ይሰማሉ? ከዚህ በፊት ታመው ቃዥተው ያውቃሉ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? መልሱ መጥፎ ከሆነ ለአስታማሚው ያኔውኑ እንነግራለን፦ ሊቃዡ ይችላሉ፣ ዝም ብለው ከዋሉም ጥሩን። ሁሉም ተረኛ ይሞላዋል ብል ውሸት ነው። አልጋው ሲጨናነቅ ይዘለላል።

እማሆይ ለክትትል የመጡት ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ቁስሉ ድኗል። ልጃቸው ወደ ጎን ሳብ አድርጋ «መርሳቱ ግን ጨምሯል፣ የጎረቤት ስም ይጠፋታል» አለችኝ። እንዲህ ይሆናል። ብዙዎች ከቃዡ በኋላ አእምሯቸው አንድ ደረጃ ወርዶ ይቀራል።

አንድ ጠርሙስ እርጎ ይዘውልኝ መጥተዋል። ተቀብዬ ሳመሰግን እጄን ያዝ አድርገው ቆዩ።

«ያን ሌሊት እጄን ያሰረችኝ ማን ነበረች?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ።»

«እንግዲያ ጥጃው የጠባው በአንቺ ነዋ» አሉ።

ልጃቸው ሣቀች። እማሆይ ግን አልሣቁም።